የቤት ውስጥ እርጥበትና ጤና በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮበር ደግሞ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ተራራ አፋፍ ላይ በመሆኗ ጉም ያዘወትራታል። በሁለቱም ስፍራ ብርድን ለመከላከል በርና መስኮት ዘግቶ መቀመጥ የተለመደ ነው። ይህም ሙቀትን ሲጠብቅ እርጥበትንም አብሮ ያስቀራል።

በክረምት ከዝናቡና ከጉሙ በተጨማሪ የሰው ትንፋሽ፣ የምግብ እንፋሎትና ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ የአየሩን እርጥበት ይጨምራሉ። መውጫ ያጣ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ርሶ በሚቆየው ግድግዳ ላይም ሻጋታ ያድጋል። ከሻጋታው የሚበኑ ብናኞች አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ያስነጥሳሉ፣ አፍንጫቸውን ያፍናሉ፤ የአስም ሕሙማንን የመተንፈሻ ቧንቧ በማጥበብም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። በፍራሽ፣ በብርድ ልብስና በባና ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም ውኃ የሚያገኙት ከአየሩ በመሆኑ እርጥበት ሲበዛ ይራባሉ።

ውርጭ በሚጥልበት በጋ ሁኔታው ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እንፋሎት ጥቂት ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ደግሞ ድርቀቱ ይጎላል። በዚህ ጊዜ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል፤ ችፌም ይባባሳል።

ለጤና ተስማሚ የሚባለው የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት በመስኮት መስታወት ላይ የሚወርድ ጠብታና የሻጋታ ሽታ የእርጥበትን መብዛት ያመለክታሉ። ስለዚህ፦

• ምግብ ሲበስልና ዝናብ ሲያባራ በርና መስኮት ከፍቶ አየሩን ማናፈስ፤
• አልጋን ከግድግዳ ማራቅ፣ የመኝታ ልብስን አዘውትሮ ማጠብና ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ፤
• ሻጋታን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ስፍራውን ማድረቅ፣ የሚያፈስ ጣሪያን መጠገን፤
• በበጋ ገላን ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ይመከራል።

ቤቱን ለማሞቅም ሆነ እርጥበቱን ለማድረቅ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይገባም። ጭሱ አስምን ያባብሳል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል።

የአስም ሕሙማን ሕመሙ ቢሻላቸውም በሐኪም የታዘዘላቸውን መድኃኒት በራሳቸው ውሳኔ ማቋረጥ የለባቸውም። የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ ሲር የሚል ድምፅ ያለባቸው ሰዎች በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሳይዘገዩ መሄድ ይኖርባቸዋል።