አገር ቤት የሚቀረው ባንክ እንዴት ይመረጣል?

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ባለበት ቤት የሻንጣ ኪሎ ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ያስወራል። በርበሬው ይቀነስ፣ ሽሮው ይጨመር፣ ድርቆሹ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ ይባላል። የባንክ ነገር ከተነሣ ግን የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ደብተሩ ማን ጋ ይቀመጥ?» ይኸው ባንክ መስኮቱ ጋ መቆም ለማይችል ሰው ምን ያህል ይታዘዛል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ሄዶ የሚቸገረው ሰው የሚቸገረው ደግሞ በዚሁ ነው።

አገር ቤት ላለ ሰው ባንክ ማለት ቅርንጫፍ ነው። ካርዱ በኤቲኤም ቢዋጥ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ቢጠፋው፣ ሒሳቡ ቢታገድ መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ይጨርሳል። ዱባይ ወይም ዋሺንግተን የገባ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ባንኩ የሚያውቀው በመልኩም በፊርማውም አይደለም፤ በስልክ ቁጥሩ ነው።

የሞባይል ባንኪንግ ሲከፈትልዎ ባንኩ አንድ የስልክ ቁጥር ከሒሳብዎ ጋር ያያይዛል። ከዚያ በኋላ አፑን በሌላ ስልክ ላይ ሲጭኑ ወይም የሚስጥር ቁጥር ሲቀይሩ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው። ኮዱ የደረሰው ሰው ለባንኩ እርስዎ ማለት ነው። ታዲያ እኛ ስንሄድ ምን እናደርጋለን? ሲሙን ለታናሽ ወንድም እንሰጣለን፤ ወይም መሳቢያ ውስጥ ጥለነው እንሄዳለን። ለወንድም የተሰጠ ሲም ከነሒሳቡ እንደተሰጠ ይቆጠር፤ ይህን አውቀው ከሰጡ ችግር የለውም፣ ሳያውቁ ከሰጡ ግን ኋላ ቅያሜ ያመጣል። መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ካልተሞላና ካልተደወለበት ይዘጋል፣ ቆይቶም ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ያኔ «ሒሳብዎ ላይ ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» የሚለው መልእክት የማያውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ይጮኻል።

ስለዚህ ከባንክ በፊት ስልክዎን ያስተካክሉ። ሲሙ በራስዎ ስም የተመዘገበ ይሁን፤ በአጎትዎ ልጅ ስም የወጣ ሲም ቢጠፋ ምትክ ማውጣት የሚችለው የአጎትዎ ልጅ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካለዎት የአገር ቤቱን ይዘውት ይሂዱ፣ ሮሚንግ አስከፍተው። ሮሚንግ ካልተከፈተ ሲሙ ኪስዎ ውስጥ ቢኖርም ኮዱ አይገባም። በየጊዜው ጥቂት ብር የሚሞላልዎት ሰውም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባንኩ ይሂዱና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ስልኬ እዚያ ቢጠፋ አፑን እንደገና የምታስከፍቱልኝ እንዴት ነው?» የብዙ ባንክ ሠራተኛ የመጀመሪያ መልስ «ቅርንጫፍ መጥተው» ነው። «ከመጣሁማ ምን እጠይቅሃለሁ?» ይበሉና ይቀጥሉ። አንዱ ባንክ ለዳያስፖራ ደንበኞች የተለየ ክፍልና የኢሜይል አድራሻ አለኝ ይላል፤ ሌላው በወኪል እንጨርሳለን ይላል፤ ሦስተኛው ሥራ አስኪያጁን ይጠራል። ሥራ አስኪያጁም ካላወቀ መልሱን አግኝተዋል። በእኔ ግምት የሦስት ባንኮችን መልስ ለዚህች ጥያቄ ማወዳደር የወለዳቸውን መጠን ከማወዳደር በብዙ ይበልጣል።

የፋይዳ መታወቂያንም ሳይዙ አይሂዱ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚጠይቅ ሰው ልኮ የሚወጣ ነገር አይደለም። ባንኮችም ሒሳብን ከፋይዳ ቁጥር ጋር እንዲያገናኙ ተደርጓል። እዚህ እያሉ በአንድ ቀን የሚያልቀው ጉዳይ ከሄዱ በኋላ የአውሮፕላን ትኬት ሊያስቆርጥ ይችላል።

ስልኩ የማይፈታውን ነገር የሚፈታው ውክልና ነው፤ እሱም ቢሆን በደንብ ከተጻፈ። አንድ ቀን ወረፋ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ልጃቸው ቤይሩት ያለች እናት ባለማኅተም ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ አስገቡ። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው የባንኩ ሠራተኛ ልጅ አነበበውና መለሰላቸው።

«እናቴ፣ ይሄ አያስወጣም።»

«ማኅተሙ ይኸው እኮ ነው ልጄ!»

«ማኅተሙማ አለ። ግን ‹ከባንክ ገንዘብ ወጪ ታድርግ› አይልም። ‹ንብረቴን ታስተዳድርልኝ› ነው የሚለው።»

ልጁ አልዋሸም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2203 እና 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው ይላል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ የመሳሰለውን። ቤት መሸጥን፣ ቤት በመያዣ ማስያዝን፣ ዋናውን ገንዘብ ለሥራ ማዋልን ግን ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቅበታል። ባንኮች ደግሞ ነገ ከባለሒሳቡ ጋር ላለመካሰስ ሁሉም ነገር ስሙ ተጠርቶ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ፦ ሒሳብ መክፈትና መዝጋት፣ ገንዘብ ገቢና ወጪ ማድረግ፣ ካርድና የሚስጥር ቁጥር መረከብ፣ ሞባይል ባንኪንግ ማስከፈት፣ የታገደ ሒሳብ ማስለቀቅ። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ስለሚታገድ የመጨረሻዋን አትርሷት። የባንኩንና የቅርንጫፉን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥር ጭምር ቢያስጽፉ ደግሞ የሚከራከር አይኖርም።

ይህን እዚህ እያሉ ከሰነዶች ማረጋገጫ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሄዱ በኋላ ግን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይኬዳል፣ ወረቀቱ ይላካል፣ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ እንደገና ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። በሰው ቤት ተቀጥራ የዕረፍት ቀን ለሌላት ልጅ ይሄ የማይታሰብ ነው። ሰው ደስ ስለማይለው የሚሸሸው አንድ ነገርም አለ፦ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይሞታል። ወኪሉ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ወራሾች ፍርድ ቤት መሄድ አለባቸው።

ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆችን ከሚያስለቅሱት ታሪኮች ብዙዎቹ ከባንክ ስሕተት የመጡ አይደሉም። ገንዘቡ ለዓመታት በወንድም ወይም በአባት ሒሳብ ሲገባ ኖሮ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው አንድ ክፍል ቤትና ብዙ ማብራሪያ ነው። ወንድሙን ሌባ ማለት አይቻልም፤ የታመመ ነበር፣ የሞተ ነበር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። መፍትሔው ከመሄድ በፊት ሁለት ሒሳብ መክፈት ነው፦ አንዱ ለቤተሰብ፣ በቤተሰብ ስም፤ ሁለተኛው በራስ ስም፣ ገንዘብ ወጪ የማድረግ ውክልና ያልተሰጠበት። ለቤተሰብ የሚላከው መጠን አስቀድሞ በግልጽ ይነገር። ሁለተኛው ሒሳብ መኖሩን ለማን መናገር እንዳለባችሁ አልመክርም።

ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ ባንክ መሆን የለባቸውም። ገጠር ያሉ እናት የሚያዩት ቅርበትን ነው፤ ለእሳቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ቅርንጫፎች ያሉት ንግድ ባንክ ወይም ወረዳቸው ውስጥ የተከፈተ ማንኛውም ባንክ ይሻላል። ለእርስዎ ግን ቅርንጫፉ ቢበዛም ባይበዛም ግድ የለዎትም፤ ኢሜይል የሚመልስ ባንክ ነው የሚፈልጉት። ባንኮቹ ኢትስዊች በሚባለው የክፍያ መረብ ስለተገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው በስልክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ቴሌብርም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከእጅ ገብቷል። ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ መስኮት በብዙ ባንኮች ያገኛል፣ ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑም አሉ።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? በሐዋላ ድርጅት ከሆነ ቀላል ነው፤ ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራም፣ ሪያና ዳሃብሺልን የመሳሰሉት እዚህ ካሉ ባንኮች ጋር ተዋውለው ይሠራሉ። የሚሄዱበት ከተማ ያሉ ልጆች በየትኛው ድርጅት እንደሚልኩ ይጠይቁ፤ ድርጅቱ በቀጥታ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው በየትኞቹ ባንኮች እንደሆነም ይወቁ። ከባንክ ወደ ባንክ ከሆነ ግን መንገዱ ይረዝማል። በስዊፍት የሚሄደው መልእክት ነው፤ «ለእገሌ ይህን ያህል ክፈልልኝ» የሚል። ላኪው ባንክና የእኛው ባንክ በቀጥታ ካልተገናኙ ሁለቱም ሒሳብ ያላቸው ሦስተኛ ባንክ መሐል ይገባል፣ የአገልግሎት ክፍያውንም ከሚላከው ላይ ይቀንሳል። 200 ዶላር የላከ ሰው ለምን ጎድሎ ደረሰ ብሎ ከእናቱ ጋር የሚከራከረው በዚህ ነው። በየትኞቹ የውጭ ባንኮች በኩል እንደሚቀበሉ ባንኩን ይጠይቁ፤ ብዙ ሳይሆን ግልጽ መልስ ነው የሚፈለገው።

ስምም ያጣላል። ፓስፖርት ላይ «ጸ» በእንግሊዝኛ በሁለት ፊደል ተጽፎ ደብተሩ ላይ በአንድ ፊደል ከተጻፈ፣ የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከጠፋ፣ ገንዘቡ «ስም አይገጥምም» ተብሎ ይቆማል። የባንክ ሒሳብዎ ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም ከመሄድዎ በፊት ያስተካክሉት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ብር ወይስ ዶላር የሚለው ከሁሉም ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 570,000 ብር ያጠራቀመች ልጅ 10,000 ዶላር ነበራት። ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ሳይነካ በዶላር ሲታሰብ ከ5,700 በታች ወረደ። ገንዘቡን እዚያው ውጭ አገር ማስቀመጥም ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ የሊባኖስ ባንኮች ዶላር ወጪን ሲገድቡ ባለገንዘቦች በር ላይ ቀርተዋል። መካከለኛው መንገድ አገር ቤት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ነው። ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ከ2016ቱ ማሻሻያ ወዲህ በሩ ይበልጥ ሰፍቷል። ባንኮች የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ከሄዱ በኋላ በርቀት መክፈት ይቻል እንደሆነ አሁኑኑ ያረጋግጡ። ቤት የሚሠራበትን ብቻ በብር፣ ሌላውን በዶላር ማስቀመጥ እኔ የምመርጠው ነው።

ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአገሪቱ ግምጃ ቤት ያሳውቃል። ግብር አይደለም፣ ሪፖርት ነው፤ ሳያሳውቁ መቅረት ግን ከባድ ቅጣት አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን እዚህ ባንክ አስገብቶ የሚሄድ አለ፤ የራሱ ነውና ይቆጠርበታል። በእናቱ ሒሳብ ላይ በጋራ የፈረመም አለ፤ ገንዘቡ የእናቱ ቢሆንም የመፈረም ሥልጣን ካለው ይቆጠርበታል። እዚህ የሚያገኘው ወለድም እዚያ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ «ለክፉ ቀን» እየተባለ በየባንኩ የተከፈቱትን ባዶ ሒሳቦች ከመሄድ በፊት መዝጋት፣ ከወላጅ ሒሳብ ላይም አስፈላጊ ካልሆነ ስምን ማስወጣት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ፣ ከበረራው ሁለት ሳምንት በፊት፣ ቀድሞ የሄደ ዘመድ 20 ዶላር በአዲሱ ሒሳብዎ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ስንት እንደተቀነሰ፣ በምን ምንዛሪ እንደተመነዘረ፣ መልእክቱም ስልክዎ ላይ መግባት አለመግባቱን ይዩ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ሲሙን ሌላ ስልክ ውስጥ ይክተቱና አፑን እንደ አዲስ ለመክፈት ይሞክሩ። አልከፍት ካለም ገና አዲስ አበባ ነዎት፤ ጠዋት ቅርንጫፉ ሲከፈት ይሄዳሉ።