ያረጀ ውሻ ዳሌው ሲደክም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ውሻ የሚያዘው ቤትና በረት እንዲጠብቅ ነው። ብዙ ቤት ቀን ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል። ሲያረጅ ግን ጠዋት ከተኛበት የሚነሳው በፊት እግሮቹ ተደግፎ ዳሌውን እየጎተተ ነው፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። ይህ በአብዛኛው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ምልክት ነው።

ሂፕ ዲስፕላሲያ የሚባለው ሕመም ከዚህ ይለያል። የጭን አጥንት ራስ ከዳሌው ጉድጓድ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ልል ስለሆነ ሲፋተግ ይኖራል፣ ውሎ አድሮም ቁርጥማት ያስከትላል። በዘር የሚወረስ ሲሆን እንደ ጀርመን ሼፐርድ ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ይበዛል። በእርግጠኝነት የሚለየው በራጅ ነው።

ውሻው ከወፈረ ትልቁ ሕክምና ክብደት መቀነስ ነው፤ እጅ ሲያልፍበት የጎድን አጥንቱ በቀላሉ መዳሰስ አለበት። በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ብርድ እርጥብ መሬት ላይ ማደር መገጣጠሚያውን ግትር ያደርገዋል፤ ነፋስ የማያገኘው ጥግና ወፍራም ደረቅ ገለባ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ ማሰርም ይጎዳዋል፤ በየቀኑ በሜዳ ላይ አጠር አጠር ያለ እርምጃ ይሻለዋል። ለሰው የተገዛ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቁርጥማት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ውሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሩ ከከዳው፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለና ለሃጩ ከተዝረከረከ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል።