ከጮቄ በላይ የሚበር ካሜራ ማንን ያስፈቅድ?

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ ገበሬ «ድሮን» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው የሠርግ ካሜራ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ የድሮን ነው በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዋበር መናኸሪያ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት አስታወቀ። ስለ ዱር እንስሳትና ስለ መሬት ከሰማይ ሆኖ ማጥናት የሚጻፉት የውጭ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ «እንስሳው ይደነግጥ ይሆን?» ብለው ይጀምራሉ። እዚህ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሰው ድንጋጤ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ መሣሪያውን ማውገዝ አልፈልግም፤ ጥቅሙ የታየ ነው። ጀርመን ውስጥ የሣር አጨዳ ሲደርስ ማለዳ ማለዳ ሙቀት የሚለይ ካሜራ የያዘ ድሮን በማሳው ላይ ይበራል። ሣር ውስጥ የተኛ የአጋዘን ግልገል ጠላት ሲቀርበው አይሮጥም፤ ባለበት ይለጠፋል፤ ማጨጃው መኪናም እንደተኛ ያገኘዋል። ካሜራው የገላውን ሙቀት እንደ ነጭ ነጥብ ያሳያል፤ ሰዎች ገብተው ግልገሉን አንሥተው ዳር ያወጡታል። አውስትራሊያዊ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ቁጥራቸው አስቀድሞ የታወቀ የፕላስቲክ ወፎች ባሕር ዳርቻ ላይ ደርድረው አንዱን ወገን ከመሬት፣ ሌላውን ከድሮን ፎቶ አስቆጠሩ። ከፎቶ የቆጠሩት ከ43 እስከ 96 በመቶ የተሻለ ትክክል ሆነው ተገኙ።

ይህን ሁሉ ወደ ጎጃም ደጋ ስናመጣው ግን ነገሩ ይለወጣል። የአውሮፓ ዓይነት አጋዘን እዚህ የለም። ያለው ድኩላ፣ ሚዳቋና ገደል ለገደል የሚዘለው ሰስ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ደኑ ከተመነጠረ ወዲህ የቀራቸው መጠጊያ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ደንና የሸለቆ ቁጥቋጦ ነው። የሙቀት ካሜራ ቅጠል አልፎ አያይም። ጽድና ወይራ ጥላ ሥር የተኛች ድኩላ ከላይ ለሚያይ የለችም ማለት ነው። ጮቄ ተራራ አናት ላይ፣ ጅባራውና አስታው ባለበት ገላጣ ውርጭ፣ ካሜራው ጥሩ ይሠራ ነበር፤ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ሳስቶ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሚሆን ክንፉ የሚገፋው ያጣል፤ ባትሪውም በብርዱ ቶሎ ይደክማል። ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው ራሱ ሳስቷል። ቀይ ቀበሮ ከጮቄ ከጠፋ ቆይቷል፤ በመላ ኢትዮጵያ የቀረው 500 ገደማ ነው። ለእሱ የሚደርስለት ካሜራ ሳይሆን የሚመለስበት ሣር ነበር። ስለዚህ ለእንስሳት ቆጠራ ሲባል ብቻ በጎጃም ሰማይ ድሮን ማብረር የሚያወጣ ሥራ አይመስለኝም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውቶች ዋልያን በእግራቸው ዞረው በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ የገደሉን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው የሚያየውን ማሽን ቶሎ አይተካውም።

መሬት ግን ሌላ ነው። ጮቄ የዓባይ ገባር ወንዞች የሚፈልቁበት ከፍታ ነው፤ በየክረምቱም አፈሩን አብሮ ይሸኛል። ደምበጫ ወረዳ ውስጥ አንጀኒ የሚባል 113 ሄክታር ገደማ የሆነ ትንሽ ተፋሰስ አለ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም፣ ዝናቡ፣ የጅረቱ ከፍታና ውሃው የተሸከመው ደለል እዚያ ሲለካ ኖሯል። የለኩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር እየሮጡ በጠርሙስ የደፈረሰ ውሃ እየቀዱ። እርከን ከተሠራ በኋላ ቁልቁለቱ እንዴት ቀስ በቀስ ደረጃ እንደሠራ ያወቅነው በዚህ ሥራ ነው።

ድሮን የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ሥራ ላይ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፣ በአምስት ቀን አንዴም ይመለሳል፤ አንዱ ነጥቡ ግን 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የእኛዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ም ታይ የነበረው 13 ሜትር ከፍ በሚል ነጥብ ነው። በዚህ ዓይን የባሕር ዛፍ ወይም የዲከረንስ ግራር መስፋፋት ይታያል፤ የአንድ ገበሬ ማሳ ጫፍ ላይ በአንድ ክረምት ሁለት ሜትር የገፋ ቦረቦር ግን አይታይም። ከ100 ሜትር ከፍታ የተነሣ የድሮን ፎቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚለይ ስለሆነ፣ በግንቦትና በመስከረም የተነሡ ሁለት ምስሎች ሲተያዩ ቦረቦሩ የበላው አፈር በሜትር ኩብ ይሰላል። በየዓመቱ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ» የሚል ሪፖርት ለሚቀርብለት ሕዝብ፣ እርከኑ ያዘ ወይስ ተናደ የሚለውን የሚያሳይ ምስል ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ ባለሥልጣን ላይወደው ይችላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ጎጃም ከሰማይ ሲታይ የኖረበት ታሪክ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን መሬት መጀመሪያ በስፋት ከአየር ያነሡት በ1928 ዓ.ም. የመጡት የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው ኖረው፣ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አግኝተው ዛሬ የደንና የእርሻ ለውጥ ያጠኑባቸዋል። ለመውረር የተነሣ ፎቶ ለሳይንስ ዋለ፤ የተነሡት ሰዎች ግን የተጠየቁት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ በራሳችን መንግሥት የሆነ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ግብሩ ቃላድ (የመሬት ልኬት) ያመጣል፣ ቃላድ ርስትን ይነጥቃል ብሎ ነው የተነሣው። የግብር ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ቂም ትቶ አለፈ። በዚህ አገር «መሬትህን ልለካ ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ያላወቀ የድሮን አብራሪ፣ የባትሪውን ዕድሜ ብቻ እያሰላ መምጣት የለበትም።

ቢሆንም ይኸው ገበሬ መሬቱን ፈቅዶ ያስለካበት ጊዜ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን መንግሥት የልማት ድርጅት በሲዳ ድጋፍ የይዞታ ምዝገባ በአማራ ክልል ሲጀመር፣ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ ደብረ ማርቆስን የሚከበው ጎዛምን ወረዳ ነበር። የቀበሌው ሰው የራሱን ኮሚቴ መረጠ፤ ልኬቱ በገመድ ሲካሄድ ወሰንተኞች ድንበራቸው ላይ ቆመው መሰከሩ። በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ ከአየርና ከሳተላይት የተነሣ ምስል ታትሞ ማሳ ድረስ ወረደ። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው ፕሮግራም ብቻ በአራት ክልሎች ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጉ ማሳዎችን አካልሏል። ግን ምስሉ ብቻውን አልወሰነም። ባለይዞታውና ወሰንተኛው መስመሩን እያዩ «አዎ፣ እዚህ ጋ ነው» አሉ፤ ካርታውም ቀበሌ ላይ ተለጥፎ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ተደረገ። ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ የሴቶችና የአቅመ ደካሞች ድንበር ሲገፋ ያየ ሰው ብዙ ነው። ሥርዓቱ ግን የተነሣው ሰው የተነሣበትን ምስል እንዲያይና እንዲቃወም በር ከፍቶ ነበር።

ዛሬ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃዱ ከአዲስ አበባ፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ነው የሚመጣው። ይህ ለአገር ደኅንነት የታሰበ ነው፤ የማሳው ባለቤት፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ከብት ጠባቂው ልጅ በዚህ ፈቃድ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቅዳሴ ላይ በሚጮኽ ማሽን የደብር ደን ማንሣት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ነውርነቱን ግን አያስቀረውም።

እንስሳቱንም አንርሳ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ጥቁር ድቦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ድሮን ሲያልፍባቸው ድቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይቆያሉ፤ ልባቸው ግን በፍጥነት ይመታል፤ በአንዷ ላይ ምቱ በደቂቃ በ123 ጨምሯል። አልሮጠም ማለት አልፈራም ማለት አይደለም። ይህን የድብ ጥናት ለፍኖተ ሰላም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የክልሉ የመሬት ቢሮ ደንቡን ከአሁኑ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ከበረራው በፊት ወሰንተኛና ደብር ይጠየቅ፤ ከበረራው በኋላ ምስሉ እንደ ይዞታ ካርታው ቀበሌ ላይ ይለጠፍ፤ ቅጂው ለወታደርም ሆነ ለግብር ሰብሳቢ እንዳይሻገር በጽሑፍ ይታሰር። በክልሉ ያለው ተኩስ እስኪቆም ድረስ ደግሞ ሳተላይቱና የአንጀኒ ዓይነት የእግር ልኬት ይበቃሉ። ጦርነት ባለበት ሰማይ ሥር፣ ስለ አፈርም ሆነ ስለ ድኩላ ሲባል፣ ድሮን መነሣት የለበትም።