የጊታር አንገት ዘይት አይጠማውም

ከተጸዳ ዓመት ያለፈው አኮስቲክ ጊታር ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬቶች፣ ማለትም በአንገቱ ላይ የተጋደሙትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ጥግ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ጥቁር እድፍ አለ፤ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ነገር ይታይበታል። ጥቁሩ የራሳችሁ ነው፤ የደረቀ ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ የረገፈ ቆዳና አቧራ። አረንጓዴው ከብረቱ የመጣ ነው። የአብዛኛው ጊታር ፍሬት የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ የላብ ጨውና አሲድ መዳቡን ሲበላው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ወፍራሞቹ ክሮች በላያቸው ቀጭን የነሐስ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው። ጣት ክሩን ፍሬቱ ላይ በተጫነ ቁጥር እድፉ በጥምጥሙ መሐል እየገባ ንዝረቱን ያፍነዋል። ቀድመው የሚጠፉት ድምፁን ጥርት የሚያደርጉት ከፍተኛ ድምፆች ናቸው። ውድ ክር ገዝቶ በቆሸሸ አንገት ላይ መወጠር ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። «እንጨቱ ደርቋል፣ ዘይት ጠምቶታል» የሚል ተጫዋች ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። የአብዛኛው አኮስቲክ ጊታር ፍሬትቦርድ፣ ማለትም ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት፣ ሮዝውድ ወይም ኢቦኒ ሲሆን ቫርኒሽ አይቀባም፤ ስለዚህ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይለዋወጣል። በዝናብ ወራት የእንጨት በር አብጦ አልዘጋ እንደሚለው ሁሉ፣ በበጋ ደግሞ እንጨት ይኮማተራል። የሚኮማተረው በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ብረቱ ግን ባለበት ይቆያል። በጥር ወይም በየካቲት እጃችሁን በአንገቱ ጠርዝ ስታንሸራትቱ የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጨራችሁ ብረቱ አድጎ ሳይሆን እንጨቱ ጠቦ ነው። የጎደለው ውሃ ነው፤ ዘይት ደግሞ ውሃን አይተካም፤ ትነቱን በጥቂቱ ያዘገያል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ በቃ። መፍትሔው የክፍሉን አየር ከ45 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ማቆየት ነው። በብርድ ወራት ማሞቂያ በሚነድበት የዋሽንግተን ወይም የስቶክሆልም ቤት የምትኖሩ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል።

ዘይት ካስፈለገ ከወጥ ቤት አይወሰድ። የኑግ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ቶሎ የሚዋሃድ አሲድ በብዛት አለው፤ ውሎ አድሮ ይሸታል፣ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ጭራሽ ይደርቃል፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚለውሱበትም ለዚሁ ነው። በጊታር መሸጫ «ሌመን ኦይል» ተብሎ ከሚቀርበው ብዙው የሎሚ ሽታ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው፤ ስለማይበላሽ ይሻላል። ሁለት ሦስት ጠብታ በጨርቅ ቀብቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እስኪደርቅ መጥረግ፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ፍሬትቦርዱ ላከር የተቀባ ሜፕል ከሆነ ምንም ዘይት አይፈልግም።

ጽዳቱ ራሱ ቀላል ነው። ክሮቹን ፍቱ፤ ለአንድ ሰዓት ያለ ክር ቢቆይ አንገቱ አይጎዳም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ፣ የፍሬቶቹን ጥግ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት። ግግሩን ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ፋቁት፤ ቢላዋ አታስጠጉ። የቀረውን ውሃው ተጨምቆ በወጣለት ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። ፍሬቱን በብረት ሱፍ የሚወለውሉ አሉ፤ ብናኙ በፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያ በሚልከው መሣሪያ) ማግኔት ላይ ስለሚለጠፍ ጊታራችሁ ፒክአፕ ካለው ተዉት።

እንጀራ በእጅ ለምንበላ ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የወጥ ቅቤና በርበሬ በጣት ጥፍር ሥር ይቀራል። ጊታር ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ተጫውታችሁ ስትጨርሱም ክሩንና አንገቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ይህን የለመደ ሰው የዘይቱን ጠርሙስ ባይገዛም አይጎድልበትም።