ዳኛ የሌለበት ሜዳ፦ የትምህርት ቤት ግቢ ጨዋታዎቻችንና የሕግ ልምዳቸው



ዛሬ የምናገረው ስለ ሰኞ ማክሰኞ፣ ስለ ጨርቅ ኳስ፣ ስለ ብይና ስለ ድብብቆሽ ነው። ርእሱ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የቀለለ መስሎ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። የጨዋታዎቹን አሠራር ቀረብ ብለን ስንመረምር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ እናገኛለን፤ ሰዎች ያለ አለቃ እንዴት ሕግ ያወጣሉ? እንዴትስ ያከብሩታል? የልጅነት ጨዋታ ሲነሣ ናፍቆት ይቀድማል፤ እኔም ከናፍቆት ነፃ አይደለሁም። ዓላማዬ ግን ከጨዋታዎቹ ጋር አብሮ ሊጠፋ የተቃረበውን የዳኝነት ልምድ ማሳየት ነው።

ከቋንቋው ልጀምር። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ቅልብልቦሽ የሚሉትን ስሞች ተመልከቱ፤ የሦስቱም ማብቂያ አንድ ነው። አማርኛ ተራውን ድርጊት በዚህ ቅጥያ የጨዋታ ስም ያደርገዋል። ሰው ፈርቶ ብቻውን ሊደበቅ ይችላል፤ ድብብቆሽ ግን ፈላጊ ከሌለ አይኖርም። በአባሮሽም የሚሳደደው ልጅ ለመሳደድ ፈቅዶ ነው የሚሮጠው። እንግዲህ ስምምነቱ ከስሙ ይጀምራል ማለት ነው።

አኩኩሉን እንውሰድ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ነግቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተደባቂዎቹ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ አለመንጋቱን ይነግሩታል። ፈላጊው በጣቶቹ መካከል አጮልቆ ማየት ይችላል፤ የሚከለክለው አዋቂ በአጠገቡ የለም። አጮልቆ ያየ እንደሆነ ግን ጨዋታው ለእርሱም ጣዕሙን ያጣል። ሕጉን የሚያስከብረው ይህ ነው።

ይበልጥ ውስብስብ የሆነው ሰኞ ማክሰኞ ነው። ደብረ ማርቆስ በተማርሁበት ግቢ ሣጥኖቹን መሬት ላይ በእንጨት እንጭር ነበር። ተጫዋቹ ጠጠሩን በተራው ሣጥን ውስጥ ይጥላል፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄዶ ይመለሳል። ጠጠሩ መስመር ላይ ካረፈ ወይም እግሩ መስመር ከረገጠ ተቃጠለ፤ ተራውን ይለቃል። ዙሩን የጨረሰ ደግሞ ቤት ይይዛል። በቤቱ ውስጥ ሁለት እግሩን አሳርፎ ይቆማል፤ ሌሎች ግን ቤቱን ሳይረግጡ ዘለው ማለፍ አለባቸው። ቤቶች በበዙ ቁጥር መንገዱ ይጠባል፤ ቤት የሌለውም መድረሻ ያጣል። በዚህ ጊዜ ድርድር ይጀመራል። በእኛ ግቢ ባለ ቤቷ ለአንድ እግር ማሳረፊያ የሚበቃ ጥግ እንድትለቅ ትለመን ነበር። መስጠት ግዴታዋ አልነበረም፤ ነገር ግን ዛሬ የከለከለች ነገ አብሯት የሚጫወት አታገኝም። ስለ ንብረት መብትና ስለ ወሰኑ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከዚያ ይመስለኛል።

በጨርቅ ኳስም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ታጭቆ ኳስ ይሆናል፤ ሁለት ድንጋዮች ግብ ይሆናሉ። ግቡ አግዳሚ የለውም። ታዲያ ከፍ ብላ ያለፈች ኳስ ገባች ወይስ ወጣች? መልሱ በግብ ጠባቂው ቁመት ይወሰናል፤ እጁን ዘርግቶ ሊደርስባት የማይችል ከሆነ ወጥታለች። ረጅም ልጅ ሲጠብቅ ግቡ ይረዝማል፤ አጭር ልጅ ሲቆም ያጥራል። ክርክሩ ካልበረደ ምስክር ይጠራል። ምስክሮች ካልተስማሙ ምቱ ይደገማል። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለና፦ የእረፍት ሰዓት አጭር ነው፤ ክርክሩ ከረዘመ ደወሉ ይደወላል።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልጆችን የሥነ ምግባር ፍርድ በሚመረምር መጽሐፉ የተነሣው ከብይ ጨዋታ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ሕጉን ከታላላቆች የተሰጠ፣ የማይነካ ነገር አድርገው ያዩታል፤ ከፍ ያሉት ግን በጋራ ስምምነት የጸና፣ በጋራ ስምምነትም የሚሻሻል መሆኑን ይረዳሉ። ፒያዤ ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ የሰጠው የእኩዮችን ትብብር ነው።

ይህን ስል ያ ሜዳ ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ጉልበተኛው ተራ ይቀማ ነበር። ሴቶች ልጆች ከኳሱ ይገለሉ ነበር፤ አካል ጉዳት ያለበት ልጅም ብዙ ጊዜ ከዳር ሆኖ ተመልካች ነበር። ነገር ግን በደሉ በልጆቹ ፊት ስለሚፈጸም ሊከራከሩበት ይችሉ ነበር፤ አንዳንዴም ይረቱ ነበር።

ዛሬ በከተሞቻችን ለመኖሪያ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ግቢያቸው ለሩጫ አይበቃም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የዕረፍትና የጨዋታ መብትን ያውቃል። መብቱ መሬት ይፈልጋል፤ አዋቂ ጣልቃ የማይገባበት ጊዜም ይፈልጋል። በባህል ቀን መምህር ፊሽካ ይዞ ሰኞ ማክሰኞ ሲያጫውት ስናይ ጨዋታው የዳነ ይመስለናል። መስመሩ መረገጡን የሚወስነው መምህሩ ከሆነ ግን የዳነው ዝላዩ ብቻ ነው።

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የገበጣን አጨዋወት ከነዓይነቱ መዝግበውልናል። የግቢ ጨዋታዎቻችንም ተመሳሳይ ትጋት ይገባቸዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደየተማራችሁበት ሰፈር ስትሄዱ የጨዋታዎቹን ስም ለቅማችሁ አትመለሱ። ማን እንደሚጀምር በምን ይወሰናል? ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው? ሁለት ልጆች ያየነው ለየቅል ነው ሲሉ ማን ይፈርዳል? ታናሽ እኅቷን ይዛ የመጣች ልጅ ትንሿን እንዴት ታስገባለች? የተጣሉትስ በምን ይታረቃሉ? እነዚህን ጠይቁ። መምህራን ልትሆኑ የምትዘጋጁ ደግሞ ከእረፍት ሰዓት ላይ ጥቂቱን ያለ ፊሽካ ተዉላቸው። ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ስትሰሙ፣ የሚጎዳዳ ነገር ከሌለ፣ ትንሽ ታገሡ። ሕግ እያወጡ ሊሆን ይችላል።