ዳቦ መግዛት ስንት እርምጃ አለው?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ከግቢው ሱቅ ዳቦ ገዝቶ መመለስ ለብዙ ልጅ የአምስት ደቂቃ መላላክ ነው። ረዳት ሳይኮሎጂስት ይህንኑ በወረቀት ሲዘረዝረው ግን ከአሥር እርምጃ በላይ ይሆንበታል። ፌስታል መያዝ፣ ብሩን ኪስ መክተት፣ ደረጃ መውረድ፣ መኪና ሲመጣ መቆም፣ ወረፋ መጠበቅ፣ «ሁለት ዳቦ» ማለት፣ ብሩን መስጠት፣ መልስ መቀበል… የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት የ17 ዓመት ወጣት አብዛኛውን ችሎ ወረፋውና መልሱ ላይ ብቻ ሊቸገር ይችላል። ቤተሰቡ ግን «ዳቦ መግዛት አይችልም» ብሎ ይደመድማል።

የረዳቱ ሥራ ወጣቱ የሚቸገርባቸውን እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ማግኘት ነው።

ረዳት ሳይኮሎጂስት አብዛኛውን ጊዜ በሳይኮሎጂ ወይም በልዩ ፍላጎት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር የሚሠራ ወጣት ነው። መድኃኒት አያዝም፤ ብቻውን የምርመራ ውጤት አይናገርም። ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያለማምዳል። ይህ ትንሽ ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ሳምንት ይሞክረው።

ብዙ ቤት የሚደባለቅ ነገር ስላለ እዚህ ላይ እንለየው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የአእምሮ ሕመም አይደለም። ከልጅነት የሚጀምር፣ ነገሮችን መረዳትንና የዕለት ኑሮን መምራትን የሚያዘገይ ሁኔታ ነው፤ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ዳውን ሲንድረም፣ በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም የአየር እጥረት፣ ማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ወቅት የአዮዲን እጥረት ከምክንያቶቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይታወቅም። እርግማን ግን አይደለም። ጸበል የሚወስዱትን ወላጆች የሚከለክል የለም፤ ጸበሉ ሐኪሙንና ትምህርቱን እንዳያስቀር ብቻ ነው የሚጠየቀው።

የረዳቱ ዋና መሣሪያ ደብተር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚጮህ የ15 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ቤተሰቡ «ሰው ይጠላል» ይላል። ረዳቱ ሦስት ነገር እንዲጽፉ ይጠይቃል፤ ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ ከደብተሩ ላይ ሊነበብ ይችላል፤ በጮኸ ቁጥር ወደ መኝታ ቤት ተወስዶ ሞባይል ይሰጠዋል። ልጁ ሰው አልጠላም፤ ሞባይል የሚገኝበትን መንገድ ነው የተማረው። መናገር የማይችል ልጅ በድንገት መንጋጋውን መምታት ከጀመረ ደግሞ ከደብተሩ በፊት ጥርሱ ይታይ። ሕመሙን የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ ላይኖረው ይችላልና።

ወደ ዳቦው እንመለስ። ልምምዱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው እርምጃ ነው። እናት አብራው ወርዳ ሁሉንም ታደርጋለች፤ ዳቦውን ለአያቱ የሚያቀብለው ግን እሱ ነው። እሳቸውም ተቀብለው «እደግ! ተመንደግ!» ይሉታል። ባለሙያዎች ማጠናከሪያ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አያቶቻችን ኮርስ ሳይወስዱ ያውቁታል። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱንም እሱ ይቀበላል። ከዚያ ብሩን ራሱ ይሰጣል። እናት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ መጀመሪያ ሱቁ በር ላይ፣ ቀጥሎ ደረጃው ላይ፣ በመጨረሻ መስኮት ላይ ቆማ ታያለች። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ትልቁን ምርቃት የሚሰጡት አያት ትልቁ እንቅፋትም ሊሆኑ ይችላሉ። «እኔ እያለሁ ለምን ይደክማል?» ብለው ጫማውን ያስሩለታል፤ ጢም ያበቀለውን ልጅ ያጎርሱታል። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ለመቃወም ይከብዳል። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ረዳት እማማን «ተዉት፣ ራሱ ይብላ» ለማለት መጀመሪያ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥታ፣ ተጫውታ፣ መታመን አለባት። ይህንን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

በአቅመ አዳም ወይም በአቅመ ሔዋን ላይ ያሉት ነገር ብዙ ቤት በዝምታ ይታለፋል። ሴት ልጅ የወር አበባ ሳይመጣ በፊት ሞዴስ አያያዝ ትለማመድ፤ ደም አይታ እንዳትደነግጥ። ወንዱም በሩን ዘግቶ መታጠብን ይልመድ። ከሁሉ በላይ ሁለቱም «እምቢ» ማለትን ይማሩ። ጥቃት አድራሾች ችግሩን መናገር የማይችል ልጅ ይመርጣሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን የመጣውን እንግዳ ሁሉ «ሳሚያቸው» እያልን እናስገድዳለን። እጅ መንሳት ወይም መጨበጥ ለአክብሮት ይበቃል።

ወላጆችን ሌሊት የሚያነቃው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣቷ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ ይህን ጉዳይ አደባባይ ካወጡት እናቶች ቀዳሚዋ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. አረፈች። ዛሬም ቢሆን ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፤ ከለቡም ሆነ ከሳሪስ በየቀኑ በሁለት ታክሲ ልጅ ማመላለስ ሁሉም የሚችለው አይደለም። ስለዚህ ረዳቱ ቤት ውስጥ የሚያስቀረው ችሎታ ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ የሐኪምነት ሙያ የሌላቸው ሰዎች ሊሰጡት እንዲችሉ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ለመጀመር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም በአካባቢያችሁ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎት ክፍል ጠይቁ። ለምርመራ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት አእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። በውጭ አገር ልጆች ላይ ተለክቶ የተሠራ የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት ብቻ ይዞ የሚነግራችሁ ካለ ልጁ ቤት ውስጥ ምን ምን እንደሚችል እንዲጠይቃችሁ አድርጉ። ስትሄዱም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።