የአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ለምን ይደገማል? ጉዳዩ ከባሌ ደጋ ሲታይ

በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው ገጠር አንገት የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ከፈረስ ወድቆ የሚመጣ አለ፤ በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ የተጎዳ አለ፤ ዲስኩ በዕድሜ ተበልቶ እጁ የሚደነዝዝበት አለ፤ የአከርካሪ ቲቢም አለ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚደርሱት በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። አጥንቶቹን የማያያዝ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ግን ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ማለት ሁለተኛ መንገድ፣ ሁለተኛ ወጪና ሁለተኛ ከእርሻ መቅረት ነው።

ሕክምናው በዓለም ላይ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስሚዝና ሮቢንሰን እንዲሁም ክሎዋርድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአንገት ፊት ለፊት ገብቶ የተበላሸውን ዲስክ ማውጣትና በቦታው አጥንት መተካት የሚቻልበትን ዘዴ አስተዋወቁ። ዛሬ በብዛት የብረት ሳህንና ብሎን ይታከልበታል። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዓመታት በኋላ ለሚደገም ቀዶ ሕክምና ዋነኛው ምክንያት የጎረቤት ዲስክ መጎዳት ነው። ሁለት አጥንቶች አንድ ከሆኑ በኋላ እንቅስቃሴው ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው መገጣጠሚያ ይተላለፋል። ሂሊብራንድና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ 374 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዓመት በአማካይ 2.9 በመቶ የሚሆኑት አዲስ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ ሩብ ያህሉ ይታይባቸዋል ተብሎ ተገምቷል። ብዙ አጥንት የተያያዘለት ሰው የባሰ ይጎዳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ጥናቱ ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። ይበልጥ የተጋለጡት አንድ ቦታ ብቻ ተሠርቶላቸው ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው አጥንት ያለው ብዙ የሚንቀሳቀስ ክፍል ጎረቤት የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጎረቤቱ ዲስክ ከመጀመሪያው ተጎድቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር በኤም አር አይ አስቀድሞ ማየት ትልቅ ዋጋ አለው። የሐኪሙ እጅም ድርሻ አለው፤ ሳህኑ ወደ ጤነኛው ዲስክ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሲጠጋ በዚያ በኩል ትርፍ አጥንት የመብቀል ዕድሉ ይጨምራል።

አጥንት ሳይጋጠም ሲቀር ነገሩ ሌላ ነው። የሚያያዙት አጥንቶች በበዙ ቁጥር አለመጋጠምም ይበዛል፤ በዚህ በኩል ብዛት ጉዳት ነው። ሲጋራ ወደ አጥንቱ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የአጥንት መሳሳት ብሎኑ እንዲላላ ያደርጋል። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ደግሞ ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ኢንፌክሽን ከፊት ይልቅ ከአንገት ጀርባ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ላይ ይበዛል። በመጀመሪያው ቀን አንገት ውስጥ የሚጠራቀም ደም የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ስለሚችል ሕመምተኛው በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀዶ ክፍል ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የተገኘ እውቀት ነው። በኢትዮጵያ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ለባሌ ገበሬ ከሲጋራ በፊት የማስቀምጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው በወቅቱ ያልታወቀ ቲቢ ነው፤ ብረቱ ቢገባም ከ9 እስከ 12 ወር የሚወሰደው መድኃኒት ከተቋረጠ በሽታው አጥንቱን መብላቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ወጌሻ ነው። ለተሰበረ ክንድ ወጌሻ ዘንድ መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ የተጎዳ አንገትን ማሸትና መጠምዘዝ ግን ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳ፣ የገባውንም ብሎን ሊነቅል ይችላል። ሦስተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ክትትል መቅረቱ ነው። አጥንት ለመጋጠም ወራት ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው አንገቱ ስለተሻለው ብቻ ወደ እርሻው፣ ወደ ፈረሱና ወደ ሸክሙ ይመለሳል። ቀጠሮው አዲስ አበባ ስለሆነ ይቀራል። የላላ ብሎን በራጅ ቀድሞ ቢታይ አንዳንዱ በአንገት መደገፊያና በእረፍት ሊታገዝ ይችል ነበር።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ የግድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጎባ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። የክትትል ራጅ እዚያው ተነሥቶ ምስሉ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ቢላክ ብዙ ጉዞ ይቀራል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላችሁም ከሆስፒታል ስትወጡ የትኞቹ አጥንቶች እንደተያያዙና ምን ዓይነት ብረት እንደገባ የሚገልጸውን ጽሑፍ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ የራጁን ፊልም አትጣሉ። የእጅ መዛል፣ የአረማመድ መንገዳገድ፣ ትኩሳት ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ከታየባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።